«ችግር የለም» ከተባለ በኋላ

ልጄ ወንጌላዊት ባቡር ነጂ አይደለችም። አዋሽ ያሉት ጓደኞቼ ይህ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። «ሰመራ ባቡር ገባ እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አልገባም። የእሷ ባቡር ሐዲድ የለውም፣ ፉጨት የለውም፣ ሰውም አይሳፈርበትም። ሶፍትዌር ነው። ግን በቀኑና በሰዓቱ ይነሳል፤ ይህን ደግሞ የተማረችው ከእኔ ነው። ግማሹን ማለቴ ነው። ሌላውን ግማሽ ሃያ ስምንት ዓመት ደብቄያት ኖሬ በ2015 ነሐሴ ላይ ነው የነገርኳት።

እኔ ይልማ እባላለሁ፤ ጡረተኛ ነኝ። አዋሽ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ባቡር ሳስነሳና ሳስቆም ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ ሐዲዱ አንድ ነው። ከጅቡቲ በኩል የሚመጣውና ከአዲስ አበባ የሚወርደው ፊት ለፊት እንዳይገጥሙ አንዱን ጣቢያ አስገብቼ አቆየዋለሁ፣ ሌላውን አሳልፋለሁ። ከማስነሳቴ በፊት ለሚቀጥለው ጣቢያ እደውላለሁ፤ መንገዱ ሰላም ነው ከተባልኩ አረንጓዴ ባንዲራ አወጣለሁ። ሥራው ይኸው ነው። ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ነው።

ወንጌላዊት በ1982 ተወለደች። እናቷ አገሬ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጥ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ሰው የለም። ስለዚህ ቢሮዬ በር ላይ ካለው አግዳሚ ትቀመጥና ደብተሯን አውጥታ የባቡሮቹን ሰዓት ትጽፋለች፤ የመጣበትን፣ የተነሳበትን፣ የዘገየበትን። አሥር ዓመት ሲሞላት እኔኑ ትቆጣጠረኝ ጀመር። «አባዬ፣ ዛሬ ስድስት ደቂቃ አሳልፈሃል» ትለኛለች። አለቃ አንሶኝ ነው እንዴ አለቃ የወለድኩት፣ እላለሁ ለአገሬ።

አንድ ቀን አንድ የታወቀ ነጋዴ፣ ባቡሩ ሊነሳ ሲል፣ ሻንጣው እስኪመጣ አምስት ደቂቃ እንድጠብቀው ለመነኝ። ለመነኝ ስል አዘዘኝ ማለቴ ነው። «ጌታው፣ ባቡር ሰው አይጠብቅም። ሐሙስ ሌላ አለ» ብዬ ባንዲራዬን አወጣሁ። ሰውየው እናት አባቴን ሳይቀር ሰደበኝ። ልጅቷ ግን ቃሌን ደብተሯ ላይ ጻፈችው፦ ባቡር ሰው አይጠብቅም። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። እኔም ሞኙ ደስ አለኝ፤ ልጄ ትልቅ ነገር ተማረች ብዬ።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ባቡሩ ጭራሽ ቀረ፤ እኔም ቤቴ ገባሁ። በዚያው ሰሞን እሷ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ከተማዋ ያኔ ገና መቆርቆሯ ነው፤ ሰው የሚጠለልበት ዛፍ እንኳ አልነበራትም። «እዚያ እሳት ውስጥ ምን ልትሆን ነው?» አለች አገሬ። ኮምፒዩተር ተማረች፣ እዚያው የጤና መረጃ የሚያጠናቅር ቢሮ ተቀጠረች፣ እዚያው ቀረች። አፋርኛም ከብዙው የደጋ ሰው በተሻለ ትናገራለች።

አሁን ስለ ሥራዋ ልንገራችሁ፤ እኔ እንደገባኝ ነው፣ ያልገባኝን አልዋሽም። «ቀጠሮ» የሚባል ሶፍትዌር አለ። እናት ልጇን ጤና ጣቢያ ይዛ ስትመጣ ነርሷ የልጁን ስምና የሚቀጥለውን የክትባት ቀን ታብሌት ላይ ታስገባለች። እናትየው ከብቶቿን ተከትላ ትሄዳለች። ቀኑ ሲደርስ ታብሌቱ የዚያን ቀን ልጆች ስም ይዘረዝራል፤ የበረዶ ሣጥን የያዘው መኪናም ክትባት የሚያመጣው በዝርዝሩ ልክ ነው። ስሙ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ክትባቱም የለም። እናትየው ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ ከዚያ በኋላ ሣር ፍለጋ ወዴት እንደምትሄድ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ለወራት አትገኝም። ልጁም ኩፍኝ እስኪያገኘው እንዲሁ ይቆያል።

ይህን ሶፍትዌር የሠራው አንድ ድርጅት አይደለም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ከአዲስ አበባም፣ ከጅማም፣ ከናይሮቢም፣ ከማላውቃቸው አገሮችም ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው በነፃ ይሠሩበታል። «ደቦ ነው በይኛ» አልኳት። «ደቦ ነው አባዬ» አለችኝ። ደቦ ደግሞ አለቃ ከሌለው ግማሹ ሲያጭድ ግማሹ ይዘራል። እነዚህም እንደዚያው ሆኑ። አዲሱ ሥሪት መቼ ይወጣል ሲባል «ሲያልቅ» ነው መልሱ። አንዱ ጨረስኩ ሲል ሌላው ይህችን ብቻ ልጨምር ይላል። አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይወጣ አለፈ።

በመጨረሻ ወንጌላዊት ተነስታ፣ በስብሰባቸው ላይ፣ እኔ ልምራው አለች። ከሁሉ የላቀች ኮድ ጸሐፊ ሆና አይደለም፤ ራሷም አይደለሁም ትላለች። ሰዓት ማስጠበቅ ግን ታውቃለች። «ከዛሬ ጀምሮ» አለቻቸው፣ «በየሁለት ወሩ፣ በሃያ አምስት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ባቡሩ ይነሳል። የደረሰ ይሳፈራል። ያልደረሰ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ባቡር ሰው አይጠብቅም።»

ለምን በቀን ተወሰነ ብትሉ፣ ሩቅ ያሉት ጤና ጣቢያዎች አዲሱን ሥሪት የሚጭኑበት ኢንተርኔት የላቸውም፤ መልእክትና ስልክ ብቻ ነው የሚያልፍላቸው። ታብሌቶቹ በየሁለት ወሩ ተሰብስበው ሰመራ ይመጣሉ፣ ይጫንባቸዋል፣ በመኪና ይመለሳሉ። አንዱ መኪና በገዋኔ በኩል ይወርዳል፣ አንዱ በዲቾቶ በኩል ይወጣል። ስህተት ይዘው ከሄዱ ሁለት ወር ከስህተቱ ጋር ይኖራሉ።

የሚመጣላትን የስህተት አቤቱታ ደግሞ ሦስት ሣጥን ሠርታ ትከፋፍለዋለች፦ «ዛሬ ይጫን»፣ «ለሚቀጥለው ይደር»፣ «ችግር የሌለበት»። ሣጥን ስል ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። ሥርዓቱን አጥብቃ ትጠብቃለች፤ አንዳንዴም ታበዛዋለች። አዲስ አበባ ፍሬምናጦስ የሚባል ልጅ አለ፤ ከደቦው ሁሉ እጁ ፈጣን እሱ ነው። ሁለት ወር ለፍቶ ባለ ቀለም ሰንጠረዥ ሠራና ለነሐሴው ባቡር ሥራ ከምትረከብበት ቀን ግማሽ ቀን ዘገየ። ለመናት። ሥራውን ለጥቅምት አሳደረችበት። አኩርፎ ሳምንት አላናገራትም። ስትነግረኝ «ደግ አደረግሽ» ብያታለሁ። አያችሁ ጥፋቴን?

ወደ ነሐሴ እንምጣ። አገሬ አዳማ እህቷ ዘንድ ሄዳ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ሰመራ ወረድኩ። ጎረቤቴ «በነሐሴ ሰመራ የሚሄድ ጤነኛ አይደለም» ብሎኝ ነበር፤ ልክ ነው። የልጄ ቤት ማራገቢያ አለ፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ቢሮዋ ግን ጄኔሬተር አለው፤ ማቀዝቀዣው ይሠራል። ስለዚህ እኔም በየቀኑ ሥራ ገባሁ። ጥግ ካለው ወንበር ቁጭ ብዬ አፌን ከፍቼ አያቸዋለሁ። ሠራተኞቹ «ጋሽ ይልማ ተቀጠሩ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ነሐሴ ሃያ አምስት፣ ሐሙስ፣ ባቡሯ የሚነሳበት ቀን ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ደረስን። ሃያ ሰባት ታብሌት ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፣ በየጀርባው የጣቢያው ስም ተለጥፏል። ሁለቱ መኪኖች በር ላይ ቆመዋል። ሁሉም ነገር አልቆ አራት ሰዓትን መጠበቅ ብቻ ነው የቀረው። ወንጌላዊት ፊቷ ፈክቷል። እኔም ባንዲራዬን የያዝኩ ያህል ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ።

«በዚህ ዙር ስንት ሰው አቤት አለሽ?» አልኳት፣ ጊዜ ለመግፋት።

«ስልሳ ሦስት። ላንብብልህ?» አለችና ጀመረች።

ወይ ጉድ፣ የሰው ነገር። አንዱ ባለሥልጣን «እጅግ በጣም አስቸኳይ» ብሎ የጻፈው የቁልፉ አረንጓዴ ቀለም ደበዘዘብኝ ለማለት ነው። ሌላው «እጅግ በጣም በጣም አስቸኳይ» ብሎ ስሙ ፊት «አቶ» ይግባልኝ ይላል። አሥራ አንድ ሰው አስቸኳይ ብሏል፤ ከአሥራ አንዱ የቸኮለ ነገር ያለው አንድ ነው። «ልክ እንደ ባለ ሻንጣው ነጋዴ» አልኳትና ሳቅን።

«ይኸኛውስ፣ ‹ችግር የሌለበት› ያልሽው ሣጥን?»

«ይኸማ ሰላምታ ብቻ የላኩ ናቸው። አሥራ አራት አሉ። ይኸውልህ የዲቾቶዋ ሲስተር ኡምሰልማ፣ ‹እንደምን አላችሁ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው፣ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ችግር የለም።›» ወደሚቀጥለው ልታልፍ ጣቷን አነሳች።

«ቀጥይ» አልኳት።

«አለቀ እኮ። ችግር የለም ነው የምትለው።»

«እስቲ ዝርዝሩ ላይ አይደለም፣ ራሱን ክፈቺው።» ለምን እንዳልኩ ወዲያው አላወቅሁትም።  ዝርዝሩ ላይ የሚታየው የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ብቻ ነው። ወንጌላዊት ከፈተችው፤ ታች ድረስ የተጻፈ ነበር። ጮክ ብላ አነበበችው፦

«…ችግር የለም። ዝናብም ትንሽ ጠብ ብሏል፣ ከብቱም ደህና ነው። ከዚያ በኋላ፣ ለጳጉሜ ስድስት ሰኞ የአርባ አንድ ልጆች የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ አስገባሁ። ታብሌቱ ተመዝግቧል አለኝ። የቀኑን ዝርዝር ስከፍት ግን አንድም ስም የለም። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በዓይኔ ያየሁት ነው፣ የሰማሁት አይደለም። እናቶቹ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሩቅ ይሄዳሉ። ወሰላም።»

አፋሮች ወሬ ሲቀባበሉ እንዲህ ነው፤ ዳጉ ይሉታል። መጀመሪያ ሰላም፣ ከዚያ ያየሁት ይህ፣ የሰማሁት ያ፣ እያሉ ለይተው ነው የሚያስረክቡ። ሲስተር ኡምሰልማ ሥርዓቱን ጠብቃ ነገረቻት። ደብዳቤው ከገባ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

ወንጌላዊት ቀኑን ደግማ አነበበችው። «ጳጉሜ ስድስት?» አለች። «ጳጉሜ አምስት አይደለችም እንዴ?»

«ዘንድሮ ማን ነው?» አልኳት።

«ምን ማን?»

«ዘመኑ ነዋ። ሉቃስ አይደለም እንዴ? ሉቃስ ሲወጣ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። ወንጌላዊት ተብለሽ ሉቃስን ረሳሽው?»

ነገሩን ለማቅለል ብዬ ነው፣ ግን አልሳቀችም። ኮምፒዩተሩ ላይ ፈጥና ጻፈች፣ አንድ ቁጥር ወጣ። ዲቾቶ ብቻ አይደለም። ዘጠኝ ጣቢያ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ በጳጉሜ ስድስት ተቀጥሯል። ሰኞም ነው፣ የበዓል ዋዜማም ነው፣ የገበያ መንገድም ነው፤ ለእናቶቹ የሚመች ቀን። ስሞቹ ታብሌቶቹ ሆድ ውስጥ አሉ፤ ሶፍትዌሩ ግን ያ ቀን መኖሩን አያውቅምና ዝርዝር አያወጣም። ኡምሰልማ ጎበዝ ሆና አይታዋለች። የስምንቱ ጣቢያ ነርሶች አላዩትም።

ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። «የሚቀጥለው ባቡር ጥቅምት ሃያ አምስት ነው» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ቢታረምም እስኪፈተሽ አራት ሰዓት ያልፋል። አባዬ፣ እኔ ነኝ የማይጠብቅ ያልኩት። ለፍሬምናጦስ እምቢ ብዬ ዛሬ ለራሴ ጥፋት ባቆመው ከነገ ጀምሮ ማን ይሰማኛል? ሁሉም ‹የእኔም ይቁም› ነው የሚለኝ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጄን በሥራ ጉዳይ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ከልጄ ፊት ግን እንደ ተማሪ አፈርኩ።

በ1987 ሐምሌ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አደረ። ጠዋት የመንገደኛውን ባቡር ላስነሳ ከእኛ ቀጥሎ ላለው፣ አርባ ለሚባለው ጣቢያ ደወልኩ። እዚያ ያለው ባልደረባዬ ከድሩ ይባላል፤ አላህ ይዘንለትና፣ ሰላምታ የሚወድ ሰው ነበር። ስለ ልጆቼ፣ ስለ ሚስቴ፣ ስለ ወገቤ ሳይጠይቅ ወደ ነገሩ አይገባም። እኔ ደግሞ አሥር ደቂቃ ዘግይቻለሁ፣ አቦ ቶሎ በል እያልኩ በሆዴ እበግናለሁ። «መንገዱ እንዴት ነው?» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው፣ እናንተስ ሰላም ናችሁ…» አለ። ሰላም ነው የምትለዋን ሰማሁ፣ ስልኩን ዘጋሁት፣ አረንጓዴውን አወጣሁ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አላነሳውም ብዬ ነበር። አነሳሁት። «ይልማ፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ዘጋህብኝ እኮ» አለኝ ከድሩ። «ጎርፍ ጠጠሩን ጠርጎት ሐዲዱ ተንጠልጥሏል።»

ቀዩን ባንዲራ ይዤ ሮጥኩ። አንድ ጫማዬ ወለቀ። የመጨረሻው ፉርጎ ከጣቢያው ሲወጣ ነው ነጂው ያየኝ። ቆመ። ለምን አስቆምከኝ ሲለኝ አንድ ነገር ዋሸሁ፤ ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውስም። እውነቱን ከከድሩ በቀር ማንም አላወቀም፤ እሱም እስኪሞት ለማንም አልተናገረም። ማታ ደውሎ የነገረኝን ግን አልረሳውም። «ወንድሜ» አለኝ፣ «በእኛ አገር ሰው ቤቱ ቢቃጠልም መጀመሪያ ደህና ነን ነው የሚል። እስኪጨርስ ጠብቀው።»

ይህን ሁሉ ነገርኳት። «ያን ቀን አምስት ዓመትሽ ነው» አልኳት። «በኋላ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለሽ ቃሌን ስትጽፊ ይህንንም ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። አፈርኩ። ባቡር ሰው አይጠብቅም ማለቴ ልክ ነው። ሐዲዱ ሲቆረጥ ግን ይቆማል። ቀዩ ባንዲራ ለባለ ሻንጣ አይወጣም፤ ለተንጠለጠለ ሐዲድ ግን ማንም ቢያወጣው ይቆማል። ግማሹን አስተምሬሽ ነው ያጠፋሁት።»

 ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እሷ ግን «አንድ እግርህ ባዶውን?» አለችኝ። «ባዶውን» አልኳት። በእንባዋ መሐል ሳቋ መጣ። ከዚያ ስልኳን አነሳችና ለፍሬምናጦስ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ እኔም እንድሰማ።

ችግሩን እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ ደብዳቤውን ሳትጨርስ ያለፈችው እሷ መሆኗንም አልደበቀችም። 

«ባቡር ሰው አይጠብቅም አላልሽኝም?» አለ። ጨዋታም ነው፣ ቂምም አለበት።

«ብያለሁ። የአንተ ሰንጠረዥ ሻንጣ ነው። ይህ ግን ሐዲድ ነው» አለችው። ደስ አለኝ፤ ቶሎ ነው የምትይዘው።

የኮምፒዩተሩ ቁልፍ ሲንኳኳ በስልኩ ተሰማ። ከዚያም «ወይኔ» አለ ፍሬምናጦስ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከሦስት ዓመት በፊት። ጳጉሜ እኩል ይሆናል አምስት፣ ብዬ። እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች፤ ለጳጉሜ ጠበል የምትሄድ ሴት ናት።» ድምፁ ተለወጠ፤ ኩርፊያው ጠፋ። «አንድ ሰዓት ስጪኝ።»

ወንጌላዊት ወጥታ ሾፌሮቹን «ዛሬ እስከ ስምንት ሰዓት እንቆማለን» አለቻቸው። ከሾፌሮቹ አንዱ «አንቺ ነሽ የምትይው?» ብሎ ሰማይ ሰማይ አየ፣ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ። ለደቦው ሰዎችም ሁሉ ጻፈች፤ ለምን እንዳቆመችው፣ ጥፋቱም የማን እንደሆነ። የፈራችው አልደረሰም። የእኔም ይቁም ያለ አልነበረም። የናይሮቢው ሰው እንዲያውም ልፈትሽልሽ ብሎ ሥራውን ጥሎ ገባ።

እርማቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። አንድ መስመር ናት አለችኝ፤ ለአንድ መስመር ይህን ያህል ላብ። መፈተሹ ነው ጊዜ የወሰደው። ያለፉት የሉቃስ ዓመቶች አንድ ባንድ ታዩ፣ የሚመጡትም ታዩ። እኔንም ሥራ ሰጡኝ። ወንጌላዊት ዲቾቶ የሚል የተለጠፈበትን ታብሌት አምጥታ «ነርስ ነህ እንበል። አንድ ልጅ ለጳጉሜ ስድስት ቅጠር» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ በአንድ ጣቴ እየወጋሁ ጻፍኩ። ስም የሚለው ላይ ሌላ ስም አልመጣልኝም፣ ይልማ አልኩ። ክትባት፣ ኩፍኝ። አስቀምጥ። ከዚያ የቀኑን ዝርዝር ከፈትኩ።

ወጡ። አርባ አንዱም ልጆች አንድ በአንድ ተደርድረው ወጡ፣ ከሥር እኔ። ስማቸውን እስከ ታች አነበብኩ፤ ከእንግዲህ ምንም ነገር ሳልጨርስ አላልፍም ብያለሁ። ያ የሐምሌ ባቡር ተንገጫግጮ ሲቆም የተሰማኝ እፎይታ ነው የተሰማኝ፤ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ መልሼ ቁጭ አልኩ። ወንጌላዊት ግንባሬን ሳመችኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ መኪኖቹ ተነሱ። ባንዲራ ባይኖርም እጄን አወዛወዝኩ። ማታ አገሬ ደውላ «እንዴት ዋላችሁ?» ስትል «ደህና፣ ችግር የለም» አልኳት፤ ወንጌላዊት በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ በኋላ የመጣ አቤቱታ ሁሉ ተከፍቶ እስከ «ወሰላም» ድረስ ሳይነበብ ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ በደንባቸው ላይ አጽፋዋለች።

እኔ ወደ አዋሽ መመለስ ነበረብኝ፣ ግን ጳጉሜ ስድስትን ሳላይ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቆየሁ። ሰኞ ከቀትር በኋላ ከስምንቱ ጣቢያ ተራ በተራ ወሬ መጣ፤ ክትባቱ ደርሷል፣ ልጆቹ እየመጡ ነው። ከዲቾቶ ብቻ አልተሰማም። አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፣ ሲስተር ኡምሰልማ ናት። ወንጌላዊት ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እንደምን ዋልሽ፣ ሰላም ነሽ? አባትሽ ደህና ናቸው? ሙቀቱ እንዴት አደረጋቸው? ጉልበታቸውስ?» አለች። ወንጌላዊት ለሁሉም መለሰች። የእሷን ደህንነት፣ የልጆቿን፣ የፍየሎቿን ሳይቀር ጠየቀች። ኡምሰልማም አንዱንም ሳትዘል መለሰች። «አልሐምዱሊላህ፣ ዝናቡም ዘንቧል፣ ሰዉም ሰላም ነው፣ ችግር የለም» አለች።

ሁለታችንም ወደ ስልኩ ጎንበስ አልን። ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን።

«ከዚያ በኋላ» አለች ኡምሰልማ፣ «አርባ አንዱም ልጆች መጥተው ተከትበዋል። በዓይኔ ያየሁት ነው።»

ወንጌላዊት ዓይኗን ጨፈነች። ስልኩን ልትዘጋ ነው ብዬ እጇን ያዝኩት።

«ከዚያ በኋላ» አለች ኡምሰልማ ደግሞ፣ «አንድ ልጅ ቀርቷል።»

 «የማን ልጅ?» አለች ወንጌላዊት።

«አላወቅነውም። አንድ ብልቃጥ ተርፎ ስንጠብቀው ዋልን። መንደር ለመንደር አስጠየቅሁ፤ እናቱን የሚያውቅ የለም። ስሙ ይልማ ይላል።»

ወንጌላዊት ወደ እኔ ዞረች። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ሲስተር ኡምሰልማ ነገሩ ሲነገራት ሳቋ ከዲቾቶ እስከ ሰመራ ያለ ስልክ የሚሰማ ነበር። «እንግዲያው አባባ ይምጡና ልውጋቸው» አለች። ከዚያ ወሰላም አለችና ስልኩን ራሷ ዘጋችው።

ልጄ ዓይኗን እየጠረገች ኮምፒዩተሯን ከፈተች። አዲስ አቤቱታ ጻፈች፤ ዲቾቶ ታብሌት ላይ ይልማ የሚባል የሌለ ሕፃን አለ፣ ይሰረዝ። የትኛው ሣጥን እንደምታስገባው ጠየቅኋት። ሐዲድ እንዳልሆንኩ፣ ሻንጣ እንደሆንኩ ነገረችኝና «ለሚቀጥለው ይደር» የሚለው ውስጥ ከፍሬምናጦስ ሰንጠረዥ አጠገብ አስቀመጠችኝ። እስከ ጥቅምት ሃያ አምስት ድረስ እዚያው ነበርኩ።